ካሜሊያ በኡም ራኩባ ዋልካ

በማኅበሩ የመታሰቢያ በዓል ላይ የተሰጠ ንግግር



ለዚህ በዓል ንግግር እንዳደርግ በተጠየቅሁ ጊዜ፥ የታሰበው በስደት አገር ስለ ማስተማር እንድናገር መሆኑ አልጠፋኝም። እኔ ግን ስለ አንድ የአበባ ቁጥቋጦ እንድናገር ፈቃድ ለመንሁ። ሊቀ መንበሩም ፈገግ ብለው ፈቀዱልኝ። ስለ አበባ የሚናገር ሰው ሥራ ፈት ይመስላል፤ ይልቁንም የሚያነሣው ስፍራ በምሥራቅ ሱዳን በገዳሪፍ በኩል ያለው፥ ውኃ በጣሳ ይሰፈርበት የነበረው ኡም ራኩባ ሲሆን። ምክንያቱ እንደሚከተለው ነው።

ኡም ራኩባ በኅዳር ወር 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ምክንያት ለተሰደዱት ወገኖች እንደ ገና ተከፍቶ፥ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ20,000 በላይ ሰው እንደ ሰፈረበት ታስታውሳላችሁ። ከስደተኞቹም መካከል መምህራን ነበሩ፤ ደብተርና ጠመኔ ሳይሟላላቸው ልጆችን ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ። ከእነዚያ አንዱ፥ እኔም በ1970ዎቹ ዓ.ም. በዚያው ስፍራ ማስተማሬን ሰምቶ፥ «በዚያ ጊዜ በትምህርት ቤታችሁ ግቢ ምን ተክላችሁ ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው እንደ ቀላል የተነገረ ነበር። እኔ ግን ወዲያው ለመመለስ አልቻልሁም፤ አፍሬ ዝም አልሁ። የዛሬው ንግግሬ ለዚያ ወዳጄ የዘገየ መልስ ነው።

አስቀድሜ ተክሊቱን ላስተዋውቃችሁ። ካሜሊያ ቅጠልዋ ዓመቱን ሙሉ የማይረግፍ፥ ወፍራምና ቅባት እንደ ነካው ቈዳ የሚያብረቀርቅ ቁጥቋጦ ናት። አበባዋ ነጭ ወይም ቀይ ወይም የጽጌረዳ ቀለም ያለው ነው፤ ሌላው አትክልት በብርድ በሚያንቀላፋበት ወራት ታብባለች። የትውልድ አገርዋ ምሥራቅ እስያ፥ ይኸውም ቻይናና ጃፓን ኮርያም ነው። ስምዋን ያወጣላት ካርል ሊኔዎስ የተባለው የስዊድን ሊቅ ሲሆን፥ ስሙ በ1753 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ ውስጥ ይገኛል፤ ያወጣውም ለጌኦርግ ካሜል መታሰቢያ ነው። ካሜል በሞራቪያ ተወልዶ በፊሊፒንስ አገር በመድኃኒት ቀማሚነት ያገለገለና የዚያን አገር ዕፅዋት የመረመረ መነኵሴ ነበር። ሊኔዎስ በዚያው መጽሐፍ ለሻሂ ተክል ሌላ ስም ሰጥቶት ነበር። በኋላ የተነሡት ሊቃውንት ግን አበባውንና ፍሬውን መርምረው ሁለቱን በአንድ ወገን ጨመሯቸው። እንግዲህ በየማለዳው አፍልተን የምንጠጣው የካሜሊያ ቅጠል ነው ማለት ነው። በጌጥ አትክልት ስፍራ የምትተከለዋና በውሽውሽ በማሳ የምትለቀመዋ እኅትማማቾች ናቸው፤ የአንዲቱ አበባ ትልቅና የተዋበ፥ የሌላዪቱ ግን ትንሽና ነጭ በመሆኑ ብቻ ዝምድናቸው ተሰወረብን።

እኔ ከመሰደዴ በፊት በከፋ፥ በቦንጋ አጠገብ ሁለት ዓመት አስተምሬ ነበር። የውሽውሽን የሻሂ እርሻ ያየ ሰው አይረሳውም። ኰረብታው ሁሉ በመቀስ የተስተካከለ ይመስላል፤ ቁጥቋጦው እንዲያድግ ቢተዉት ዛፍ የሚሆን ሲሆን፥ በየጊዜው ስለሚገረዝ ከለቃሚዎቹ ወገብ አያልፍም። ለቃሚዎቹም ከየቅርንጫፉ ጫፍ ሁለት ቅጠልና አንድ እንቡጥ ይቀነጥባሉ። አፈሩ ቀይ ነው፤ ዝናሙም ብዙውን ወራት አይለየውም። ያን ጊዜ ይህን ሁሉ ያየሁት እንደ መልክዐ ምድር ውበት ነበር። ቀዩን አፈር በእጄ ይዤ «ምን አለበት?» ብዬ አልጠየቅሁም።

ከዚያ ወደ ጎንደር ተዛወርሁ፤ ከጎንደርም በ1977 ዓ.ም. በመተማ በኩል አድርጌ ተሰደድሁና ኡም ራኩባ ገባሁ። ስለዚያ ዓመት ብዙ አልናገርም። ረኃብ ያባረረው ገበሬ፥ ጦርነት ያባረረው ወጣት፥ ወደ ኢየሩሳሌም እንገባለን ብለው በእግራቸው የወጡት ቤተ እስራኤል ሁሉ በአንድ ሜዳ ላይ ሰፍረው ነበር፤ ብዙ ሰውም በዚያው ተቀበረ። እኛም ከሣር ዳስ በታች ልጆች ሰብስበን ፊደል ማስቈጠር ጀመርን። በኅዳርና በታኅሣሥ አንዳንድ ጧት ስም ስንጠራ አቤት የማይሉ ልጆች እየበዙ ሄዱ። ሞቱ ብለን ነበር። ኋላ እንደ ተረዳነው ግን ቤተ እስራኤሎቹ በሌሊት በገዳሪፍ በኩል ወደ ካርቱም እየተወሰዱ በአውሮፕላን ይሻገሩ ኖሯል። ስማቸውን ከመዝገቡ ለመሰረዝ ማናችንም አልደፈርንም።

የተክሉ ነገር የመጣው በሚከተለው ዓመት፥ በ1978 ዓ.ም. ነው። ስለ ዕፅዋት ሳስተምር አንድ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እጁን አነሣና «መምህር፥ ሻሂ የምን ዛፍ ነው?» አለኝ። ልጁ በጧት በጧት በአንዲት ሱዳናዊት የሻሂ ሻጭ ዘንድ ብርጭቆ ያጥብ ነበርና ጥያቄው ከሥራው የመጣ ነው። በጥቍር ሰሌዳው ላይ ቅጠሉን ሣልሁለት፤ ስለ ውሽውሽም ነገርሁት። ነገር ግን ሥዕል ሥዕል ነው፤ ልጆቹ ቅጠሉን በዐይናቸው ሊያዩት ፈለጉ። እኔም፥ እውነቱን ለመናገር፥ ከእነርሱ ይልቅ ፈለግሁ። አረንጓዴ ኰረብታ ናፍቆኝ ነበር።

በሰፈሩ ሕክምና የምትሠራ አንዲት ነርስ ወደ ናይሮቢ ደርሳ ስትመለስ 40 የሻሂ ዘር አመጣችልኝ። የሻሂ ዘር ዘይት የበዛበት ስለ ሆነ በደረቅ ካስቀመጡት ቶሎ ይሞታል፤ ስለዚህ በረጠበ የከሰል ዱቄት ውስጥ ተከቶ ነበር የመጣው። ልጆቹን ሰብስቤ ዘሩን ከውኃ ውስጥ ጨመርነው። የሰመጠው ጤነኛ ነው፤ የተንሳፈፈው ባዶ ነው፤ ይህ የታወቀ መፈተኛ ነው። 23 ሰመጠ፥ 17 ተንሳፈፈ። ልጆቹ የተንሳፈፉትን ለመጣል አልፈቀዱም፤ እነርሱንም በሌላ መደብ ዘራናቸው፤ ከእነርሱ አንድም አልበቀለም።

በኅዳር ወር ከዳሱ በስተምሥራቅ መደብ አዘጋጅተን ዘራን። ከላይ የሣር ጥላ ሠራን። እያንዳንዱ ልጅ በተራው አንድ ጣሳ ውኃ ያመጣል ብዬም ደንብ አወጣሁ። በሰባተኛው ሳምንት 11 ችግኞች ብቅ አሉ። የዚያን ዕለት ደስታ አሁን ስናገረው እንኳ ልቤን ይነካዋል። ወራቱ ብርድ ስለ ነበረ እስከ የካቲት ደኅና ቆዩ። ከዚያ በኋላ ቅጠላቸው ቢጫ መሆን ጀመረ፤ ነገር ግን እንደ ጠወለገ ቅጠል ሁሉም ቢጫ አልሆነም፤ ሥጋው ሲገረጣ ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ ቀረ። እኔም ውኃ ያነሰው መስሎኝ ሁለት ጣሳ እንዲያመጡ አዘዝሁ። ስሕተቴም ይህ ነው።

አንድ ቀን የዚያ ብርጭቆ የሚያጥበው ልጅ እናት ወደ ዳሱ መጣች። ነጠላዋን አጣፍታ እጅ ነሣችና ቆመች።

«መምህር፥» አለችኝ፥ «ልጄ ለታናሽ እኅቱ ካስቀመጥሁት ውኃ እየቀዳ ወደርስዎ ሲያመጣ አገኘሁት። አልመታሁትም፤ መምህሬ አዘውኝ ነው አለኝ። ይህ ተክልዎ ምን ያፈራል?»

«ሻሂ ነው፥ እኅቴ፤ ቅጠሉ ይለቀማል፤» አልኋት።

«መቼ ይለቀማል?»

«በሦስት ዓመት።»

ጥቂት ዝም ብላ መደቡን ተመለከተችና «እንግዲያስ እርስዎ ሦስት ዓመት እዚህ ልንቀመጥ ነው ብለው ቈርጠዋል፤» አለች። ሌላ ነገር አልተናገረችም፤ ሄደች።

የምመልስላት አልነበረኝም። እርስዋ በየሌሊቱ አገርዋ የምትገባበትን ቀን ስትቈጥር፥ እኔ የልጅዋን ውኃ ለዘላቂ ተክል አፈስስ ነበር፤ ያውም ለሚሞት ተክል። በማግስቱ ደንቡን ሻርሁት፤ ውኃውን ከራሴ ድርሻ ማጠጣት ጀመርሁ። በመጋቢት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ከ11ዱ ሰባቱ ደረቁ።

የሞታቸውን ምክንያት ያስረዱኝ በአቅራቢያው መንደር ማሽላና ሰሊጥ የሚያርሱ አንድ ሽማግሌ ሱዳናዊ ናቸው። ውኃ ማነሱ አልነበረም። «ያ ኡስታዝ፥» አሉኝ፥ ከመደቡ ጥቍር አፈር ዘግነው እየፈረፈሩ፤ በውስጡም የባቄላ ፍሬ የሚያህሉ ነጫጭ እንክብሎችን እየለቀሙ በመዳፌ አስቀመጡ። የተማረው ሰው እኔ ነኝ፤ ነገር ግን ያን ነጭ ድንጋይ ሁለት ዓመት ስረግጠው ኖሬ ጐንበስ ብዬ አላነሣሁትም። ወደ ቤቴ ወስጄ የሎሚ ጭማቂ አንጠባጠብሁበት፤ አረፋ አወጣ። ኖራ ነው።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተገለጠልኝ፤ ለእናንተም በዝርዝር ልንገራችሁ፥ በየትምህርት ቤታችሁ ግቢ ይጠቅማችኋልና። ካሜሊያና ሻሂ ኮምጣጣ አፈር የሚወዱ ተክሎች ናቸው። የአፈሩ መለኪያ 7 ሲሆን መካከለኛ ነው እንላለን፤ ሻሂ ከ4.5 እስከ 5.5፥ የጌጥ ካሜሊያ ከ5.5 እስከ 6.5 ባለው ይስማማቸዋል። የገዳሪፍ ዋልካ ግን ኖራ ያለበት ስለ ሆነ ከ7 በላይ ነው። ኖራ በበዛበት አፈር ውስጥ ብረት ቢኖርም ሥሩ ሊስበው አይችልም። ብረት ያጣ ቅጠልም አረንጓዴውን ቀለም መሥራት ይሳነዋል፤ ሥጋው ገርጥቶ ጅማቱ አረንጓዴ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። የምናጠጣው ውኃም ኖራማ ከሆነ በእያንዳንዱ ጣሳ ሕመሙን እንጨምርበታለን። ሁለተኛው መከራ የዋልካው ጠባይ ነው፤ በክረምት ያብጥና ውኃ ቋጥሮ ሥሩን ያፍናል፤ በበጋ ደግሞ ክንድ እስኪያስገባ ተሰነጣጥቆ ሥሩን ይበጥሳል። የካሜሊያ ሥር ከላይ ከላይ የሚሄድ ቀጭን ሥር ነውና ይህን አይችልም። ሦስተኛው ዝናሙ ነው፤ በገዳሪፍ በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ያህል ቢዘንምም፥ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት የሚወርድ ነው። ያው ዋልካ ለማሽላና ለሰሊጥ ግን ጐተራ ነው። እንግሊዞች ከ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በትራክተር ያረሱት፥ የእኛም አገር ሰው ለአጨዳና ለአረም ወሰን እየተሻገረ የሚሄደው፥ በዚሁ አፈር በረከት ነው። አፈሩ ክፉ አልነበረም፤ ለእኔ ናፍቆት ግን የታዘዘ አልነበረም።

በደጋ የምትኖሩ መምህራን ግን ካሜሊያን ብትሹ ልትሞክሩ ትችላላችሁ። ከሁሉ በፊት አፈራችሁን በሎሚ ወይም በኮምጣጤ ፈትኑ፤ አረፋ ካወጣ ገንዘባችሁን አታጥፉ። በአዲስ አበባ እንኳ በእንጦጦ ግርጌ ያለው ቀይ አፈርና በአቃቂ በኩል ያለው መረሬ አንድ አይደሉም። በጎጃምና በወለጋ ብዙው መሬት ኮምጣጣ ሆኖ ገብስና ስንዴ ስለ ከለከለ ገበሬው ኖራ እየበተነ ያክመዋል፤ ለገብሱ በሽታ የሆነው ለካሜሊያ መድኃኒት ነው፤ ኖራ በተበተነበት ማሳ አጠገብ ግን አትትከሏት።

ስትተክሉ ጕድጓዱን ከጥልቀቱ ይልቅ በስፋቱ አብዙት። ችግኙ በነበረበት ከፍታ ወይም ጥቂት ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ አንገቱ የተቀበረ ካሜሊያ ለጥቂት ዓመት ሳይሞት ሳይድን ኖሮ በመጨረሻ ይደርቃል። ከቀትር በኋላ ያለው ፀሓይ እንዳይመታት ከዛፍ ወይም ከግድግዳ ጥላ አስጠጉአት። ከሥርዋ አትኰትኵቱ፤ የኛ ሰው አትክልት የወደደ እየመሰለው በዶማ ሥር ይቈርጣል። በመኰትኰት ፈንታ የበሰበሰ ቅጠል እንደ ጕዝጓዝ አልብሷት፤ ከግንዱ ግን ይራቅ። ውኃዋ ጥቂት በጥቂት፥ ሳይቋረጥ ይሁን፤ የሚቻል ከሆነ የዝናም ውኃ አጠራቅሙላት። እንቡጥ በምትቋጥርበት ወራት ከተጠማች እንቡጡን ሳታፈነዳ ታረግፈዋለች፤ ብዙ ሰው ይህን የመተት ሥራ ያስመስለዋል። መግረዝም የሚገባው አበባዋ እንደ ረገፈ ወዲያው ነው፤ ዘግይቶ የገረዘ ሰው የሚመጣውን ዓመት አበባ ይቈርጣል። ከቅጠልዋ በታች ተለጥፎ የሚመጥ ትንሽ ተባይ ከታየ፥ በሳሙና ውኃ በረጠበ ጨርቅ ጥረጉት፤ ከቅጠሉ ላይ ጥላሸት የመሰለ ሻጋታ የሚያመጣው እርሱ ነውና። አብዝቶ ማዳበሪያ መስጠትም ሥርዋን ያቃጥላል።

ፍጹም ያልተስማማት አገር ሲሆን ሰው ቤት ይሠራላታል። በጀርመን አገር በድሬስደን አጠገብ በፒልኒትስ ቤተ መንግሥት ግቢ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የሆናት ካሜሊያ አለች። በክረምት እንዳትቀዘቅዝ በሐዲድ ላይ የሚንቀሳቀስ የመስተዋት ቤት ያለብሷታል፤ ሲሞቅ ያነሡላታል። ቀድሞ የነበረው የእንጨት መከለያ በ1905 እ.ኤ.አ. በክረምት ተቃጥሎ፥ እሳቱን ለማጥፋት የተረጨው ውኃ በላይዋ በረዶ ሆኖ ከብርዱ እንዳዳናት ይነገራል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ለአንዲት ቁጥቋጦ የተሠራውን ቤትና የኛን የሣር ጎጆ አስተያይቼ መቈጣቴን አልደብቅም። ቍጣዬ ግን አልቆየም፤ እኔም እኮ ያለኝን ሰጥቼ ነበር።

ወደ ኡም ራኩባ ልመለስ። የተረፉትን አራት ችግኞች ከመደቡ ነቅለን ሥራቸው በተበሳ የዘይት ቆርቆሮ አዛወርናቸው። ለአፈሩ ከኾሩ አሸዋ፥ ከመቃብሩ ወዲያ ካሉት ግራሮች ሥር የበሰበሰ ቅጠል፥ ከዚያችም ከሻሂ ሻጪቱ የተጣለ የፈላ ቅጠል ሰብስበን ቀላቀልን። ሻሂ ሻጪቱ ነገሩ ገብቷት እስክትስቅ ድረስ «ሻሂን በሻሂ!» ትል ነበር። ክረምት ሲገባ የዝናም ውኃ በጄሪካን አጠራቀምን። ሁለቱ በሐምሌ ሞቱ፤ አንዱን ፍየል በላው። አንዱ ተረፈ፤ አዲስ ያወጣው ቅጠልም አረንጓዴ ነበር።

በመደቡ ላይ ግን ሽማግሌው ያመጡልንን የከርከዴ ዘር በሰኔ ዘራን። ከርከዴ ዋልካውን አልጠላም፤ ከዝናም ሌላ ውኃ አልጠየቀም፤ በጥቅምት ቀዩን ሽፋኑን ለቅመን አደረቅነው። ከእያንዳንዱ ልጅ ቤት አንድ አንድ እፍኝ ደረሰ። አበባውም ያምራል፤ ማንም ቢያየው የካሜሊያ ዘመድ ሊያስመስለው ይችል ነበር፤ ዘመድዋ ግን አይደለም።

በ1980 ዓ.ም. ወደ ካርቱም ስዛወር ተክሉ ስንዝር ያህል ሆኖ ዘጠኝ ቅጠል ነበረው። ቅጠሉን በእጃቸው ዳስሰው «ይህ ነው ሻሂ!» ያሉት ልጆች ስንት እንደ ነበሩ አልቈጠርሁም። የሦስቱ ዓመት ቀጠሮ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ያች እናትም ገና በዚያው ነበረች። ልትሰናበተኝ ከልጅዋ ጋራ መጣች። ቆርቆሮውን ለርስዋ ልሰጣት ዘረጋሁ።

«እርሱን ልጁ ይውሰደው፤» አለችኝ። «ለኔ ከከርከዴው ዘር ጥቂት ይስጡኝ፤ ወደ አገሬ ስገባ በጓሮዬ እዘራዋለሁ።»

በነጠላዋ ጫፍ ቋጠርሁላት።